ቆላ የወረደ አደይ

ዓይናዲስ ለሁለተኛ ጊዜ ባል ያገባችው አንድ ልጇን አሳድጋ ሥራ ካስያዘች በኋላ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ከእንግዲህ ቤቷን ጠብቃ የምትቀመጥ መስሎት በነበረበት ጊዜ ነው። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። ሰውየው አበረ ይባላል። ከይጁቤ ወደ ዓባይ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ብርዱ ቀርቶ ግለቱ ፊት መምታት ሲጀምር ከሚገኙት መንደሮች በአንዱ ሎሚና ማንጎ፣ ቃሪያና ጥቂት ጥጥ የሚያለማ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው።

የተዋወቁት ይጁቤ ገበያ ላይ ነው። እሱ ጥጡን በአህያ ጭኖ ይወጣል፤ እሷ ገዝታ ትፈትልና ድሩንም ማጉንም ለሸማኔ ትሸጣለች። እውነቱን ለመናገር ዓይናዲስ መጀመሪያ የወደደችው ጥጡን ነው። የሌላው ሰው ጥጥ ግማሹ ቅጠልና ገለባ ሲሆን የአበረ ግን ተለቅሞ፣ ተራግፎ፣ ጆንያው ሲፈታ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ዓመት ከዓመት ከእሱ ብቻ ትገዛ ነበር። እሱም ሌላ ገዢ ቢመጣ «የሰው ነው» እያለ ይመልሳል።

አንድ ቅዳሜ ጆንያውን አስረክቧት እንደ ልማዱ መሄድ ሲገባው ቆሞ ቀረ።

«ይህን ሽቅብ መሸከም ሰለቸኝ» አላት። «አንቺ ብትወርጂ ይሻል ነበር።»

«እኔ እዚያ ማን አለኝ ብዬ ነው የምወርደው፣ አንቱ?»

«እኔ አለሁ» አለ አበረ።

ዓይናዲስ መልሱን ያገኘችው ወዲያው ነበር፤ የነገረችው ግን በሦስተኛው ገበያ ነው።

ደብረ ማርቆስ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራው ልጇ መቅዲ ነገሩን ስትሰማ ጋብቻውን አልተቃወመችም። የተቃወመችው አገሩን ነው። «እማ፣ እዚያ እኮ ወባ አለ» አለቻት። «ጋሽ አበረ ለምን ወደ ደጋ አይመጣም?»

«ማንጎውን ተሸክሞ?» አለች ዓይናዲስ። ከፋሲካ በኋላ ዕቃዋን በአህያ አስጭና ወረደች።

ቤቱ ከጠበቀችው በላይ የተሟላ ነበር። ጓሮውማ አገር ያወቀው ነው። ከላይ ካለው ምንጭ የሚመጣ ቀጭን ቦይ በሎሚዎቹ ሥር ዞሮ፣ በቃሪያው መደብ መካከል አልፎ፣ ጥጡ ጋ ሲደርስ ያልቃል። እያንዳንዱ መደብ በድንጋይ ተከቧል። አበረ ማለዳ ተነሥቶ ፀሐይ ከመክረሯ በፊት በእጁ ያርማል፤ አንዲት ሣር እንኳ አታመልጠውም። ጎረቤታቸው ወለተ ኢየሱስ «የእሱ ጓሮ ተጠርጎ ያደረ ቤት ነው የሚመስለው» ትላለች።

ጓሮውን እንዲህ አድርጋ ያወጣችው ግን የሞተችው ሚስቱ ዘመናይ ነች። ቦዩን የቀየሰችው እሷ ናት፤ ሎሚዎቹን የተከለችው እሷ ናት። አበረ ይህን ደጋግሞ የሚያነሣ ሰው አይደለም። አንዲት ነገር ከቦታዋ አለማንቀሳቀሱ ግን ያስታውቅበታል። ዓይናዲስ ድስት ለመጣድ ድንጋይ ብታነሣ በማግስቱ ድንጋዩ ቦታው ተመልሶ ታገኘዋለች። ተቆጥቷት አያውቅም። ቃሪያም ሎሚም ማጀቷ ድረስ ያመጣላታል፤ አጎበሯን ማታ ማታ ራሱ ይዘረጋላታል። እሷም በገበያው ዘመን እንደለመደችው አንቱ እያለች ትጠራዋለች። ተከባብረው፣ ተጠነቃቅቀው ኖሩ፤ በእንግድነት እንደተቀመጡ ሰዎች።

መስከረም ጠባ። በእንቁጣጣሽ ጧት ዓይናዲስ ወጥታ ደጅ ቆመችና አንድ የጎደለ ነገር እንዳለ ተሰማት፤ ምን እንደሆነ ግን ቶሎ አልገባትም። ተራራው አረንጓዴ ነው፤ ግራሩም ለምልሟል። የመንደሩ ልጃገረዶች ቄጤማ ይዘው እየዘፈኑ መጡ። ይሄኔ ነው የገባት።

«አደይ የለም እንዴ እዚህ?» ብላ ወለተ ኢየሱስን ጠየቀቻት።

«ምን ሊያደርግ? ሙቀቱ የት ያደርሰዋል» አለች ወለተ ኢየሱስ። «አንዳንዴ ገበያ የወጣ ሰው ለልጆቹ ይዞላቸው ይወርዳል። እዚህ እስኪደርስ አንገቱን ይደፋል።»

ዓይናዲስ አበባ ወዳድ ሆና አታውቅም። ደጋ እያለች አደይ በየእርሻው ዳርና በየድንበሩ ማንም ሳይለፋበት ይወጣል፤ ገደሉን ሁሉ ቢጫ ያለብሳል፤ ሲያልቅ ያልቃል። ቀና ብላ ያየችበት ጊዜ ትዝ አይላትም። አሁን ግን ዓመቱ ሳይገባ የቀረ መሰላት። ቀኑን ሙሉ ስትፈትል ዋለች፤ ለአበረም ምንም አላለችው።

ኅዳር ላይ ይጁቤ ገበያ በወጣች ጊዜ ግን ከመንገዱ ወጣ ብላ አንድ እርሻ ዳር ገባች። አደዩ ደርቆ ግንዱ ብቻ ቆሟል፤ ራሱ ላይ ጥቁር ቀጫጭን ዘር ይዟል። በነጠላዋ ጫፍ እያራገፈች ትለቅም ጀመር። የእርሻው ባለቤት ከወዲያ አይቷት መጣ።

«ምን ጠፋሽ፣ እትዬ?»

«ምንም አልጠፋኝ። ዘር እየለቀምኩ ነው።»

ሰውየው አጎንብሶ አየ። «የአደይ? አደይ ይዘራል እንዴ?»

«እኔም እንጃ» አለች ዓይናዲስ። ሰውየው ትንሽ ቆሞ ሲያያት ቆየና እሱም ያገዛት ጀመር፤ እስኪበቃት ለቀመላት።

ዘሩን በጨርቅ ቋጥራ ከጣሪያው ሥር ሰቀለችው። ግንቦት ሲጋመስ ቃሪያው መደብ ዳር፣ ጤና አዳም ደርቆበት ባዶ የቀረ ጥግ አየች። አበረ ጥጡ ማሳ በዋለበት ቀን አፈሩን በጣቷ ከፋፍታ ዘሩን በተነችበት። ከቦዩ ውኃ በጣሳ እየቀዳች ማጠጣት ያዘች። ለምን ለአበረ እንዳልነገረችው ለራሷም አይገባትም ነበር። እንደ ሕፃን ነገር አፍሯት ይሆናል። ደግሞም ቦታው የዘመናይ ነው፤ ፈቃድ ልጠይቅ ብትል ከማን እንደምትጠይቅ አላወቀችም። ለወለተ ኢየሱስ ብቻ አሳየቻት።

ዘሩ በቀለ። እንደ ድንብላል የተሰነጣጠቀ ቅጠል አወጣ። ፍግ የጠገበ መሬት ስለሆነና ውኃውም ስለበዛለት ከደጋው በፊት ቀድሞ ተንዠረገገ። ዓይናዲስ ማለዳ ማለዳ ሄዳ ታየዋለች።

ሰኔ ውስጥ ለአንድ ዘመዷ ተዝካር ደጋ ወጥታ አደረች። በማግስቱ ስትመለስ አበረ ጓሮው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ፊቱ እንደ ወትሮው ረጋ ያለ ነው፤ ትንሽ ደስ ያለው ይመስላል።

«ያቺን ጥግ አረም ውጧት ነበር» አላት። «አጸዳሁልሽ። ድንብላል መዝራት ከፈለግሽ ተመችታለች።»

ዓይናዲስ ወደ ጥጉ አየች። አፈሩ ተኮትኩቶ ተስተካክሏል። የተነቀለው ለፍየሎቹ ተጥሎ ፀሐይ አጠውልጎታል፤ ፍየሎቹም ግማሹን በልተውታል።

«ደግ አደረጉ» አለችና ገብታ ውኃ ጠጣች።

ነገሩን የነገረችው ወለተ ኢየሱስ ናት። አበረን መንገድ ላይ አግኝታ «የሚስትህን አደይ ምን ብታደርግህ ነቀልከው?» አለችው። አበረ ያን ቀን ከማሳ ሳይጨርስ ተመለሰ። ዓይናዲስ ዋንዛው ጥላ ሥር እንዝርቷን ይዛ ተቀምጣ ነበር። መጥቶ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የማን ጓሮ ነው ብዬ?» አለች ዓይናዲስ።

ክፉ ልትናገረው አስባ አይደለም፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት። አበረ እንዝርቱ ሲሽከረከር አየና ተነሥቶ ፍየሎቹን ሊያስገባ ሄደ። የዚያ ዓመት መስከረምም ያለ አደይ ገብቶ ወጣ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ግን አበረ አንድ ጧት «ነይ እስቲ» ብሎ ከቤቱ በላይ ወዳለው ዳገት ወሰዳት። ቦዩ የማይደርስበት፣ ዘመናይም ብትሆን ምንም ተክላበት የማታውቅ ጭንጫ ነው። ድንጋዩ ከአፈሩ ይበዛል። ከላይ ጀምሮ እስከ ቤቱ ጀርባ በእሾህ አጥሮታል፤ ሠርቶ የጨረሰው እሷ ገበያ ስትውል እንደሆነ አሁን ገባት።

«ይሄ የማንም አይደለም» አላት። «ጥሩ መሬት ሆኖ አይደለም። ከዚህ የሚሻለውን ደግሞ የማን ጓሮ ነው እንዳትዪኝ ፈራሁ።»

ዓይናዲስ ጭንጫውን አየችው። አደይ ከጓሮው አፈር ይልቅ ይህን እንደሚወድ ጠረጠረች። ደጋም ሳለ ፍግ ባለበት አላየችውም፤ ያየችው ድንጋይ ለድንጋይ፣ ማረሻ በማይደርስበት ጥግ ነው።

«ውኃስ?» አለ አበረ። «ውኃ ላመጣልሽ አልችልም እዚህ።»

«ደጋ ላይ ማን ያጠጣዋል? ዝናቡ ሲመጣ ይጠጣል።»

በኅዳር ዳግመኛ ዘር ለቀመች፤ በዚህኛው ጊዜ ከሁለት ከሦስት እርሻ ዳር፣ ብዙ አድርጋ። ግንቦት ሲያልቅ፣ ዝናብ ሳይጥል፣ ሁለቱም ዳገቱ ላይ ወጡ። አበረ ዶማውን ይዞ ፈር ሊያወጣ ሲል ከለከለችው።

«ካልተቀበረ ወፍ ይለቅመዋል» አላት።

«ይልቀም። የተረፈው ይበቅላል።»

በጭንጫው ላይ ዘራችውና በቅጠል መጥረጊያ ላይ ላዩን ዳሰስ አደረገችው። አበረ በቆሎ በአንድ ክንድ ርቀት የሚዘራ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ አዘራር ሲያይ እጁ ወደ ዶማው ሄደ፤ ቢሆንም መጥረጊያውን ተቀብሎ በሌላው በኩል አገዛት።

ሐምሌ ላይ፣ ዘሩ ነጠብጣብ እያለ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ዓይናዲስን ወባ ጣላት። መጀመሪያ ቀለል ያለ መስሏት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሰው መለየት አቃታት። አበረ ሞተር ከነነጂው ለምኖ፣ ከኋላዋ ተቀምጦ በነጠላ ከራሱ ጋር አስሮ እስከ ይጁቤ አወጣት፤ ከዚያ በመኪና ደብረ ማርቆስ አደረሳት። መቅዲ እናቷን ስታይ አበረን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችውም። ቀና ብላም ግን አላየችው። ሁለት ቀን ቆይቶ ዓይናዲስ ዓይኗን ስትገልጥ ከብቱም ፍየሉም ብቻቸውን ናቸው ብሎ ተመለሰ።

ያ ክረምት መንገድ የሚዘጋበት ክረምት ነበር። መኪና አንድ ሳምንት ይሄዳል፣ ሁለት ሳምንት ይቆማል። ኔትወርኩም ከቆላው ጠፍቷል፤ መቅዲ ስልክ ብትሞክር ብትሞክር አልሠራም። ዓይናዲስ በልጇ ቤት ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሳ ተኛች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ ጧት ጧት ጉሙ እስከ መስኮቱ ይደርሳል። አጥሚቱ በሰዓቱ ይመጣላታል። ጉልበቷ ሲመለስ እውነትም ደስ አላት። ላብ የለም፣ ትንኝ የለም፣ ሁሉም ነገር ስታውቀው የኖረችው ነው።

«እማ፣ ቅሪ» አለቻት መቅዲ አንድ ቀን ፀጉሯን እያበጠረችላት። «ፍቺ አላልኩሽም። እሱም እየመጣ ይይሽ። አንቺ ግን እዚህ ሁኚ። ሁለተኛ እንደዚያ ሆነሽ ላይሽ አልፈልግም።»

ዓይናዲስ እምቢ አላለችም። እንዲያውም ልቧ ወደ እሺታው አዘንብሎ ነበር። አበረ ጥሩ ሰው ነው፤ እሷ ከመምጣቷ በፊትም ቤቱ ቤት ነበር፤ እሷ ብትቀርም መደቦቹ ይታረማሉ፣ ሎሚዎቹ ይለቀማሉ። ያለ እሷ የሚጎድል ነገር ብትፈልግ አላገኘችም። ይህ ሐሳብ አሳዘናት፤ ሐሰት ነው ግን ልትል አልቻለችም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንዲት የይጁቤ ነጋዴ መድኃኒት ልትገዛ መጥታ መቅዲን «እናትሽ ተሻላት?» አለቻት። ማታ መቅዲ የሰማችውን ሳትደብቅ ነገረቻት። «ጋሽ አበረ ታሟል ይላሉ። ያየው ሰው እንኳ ባይኖር፣ ጓሮው ጫካ ሆኗል ተብሏል።»

«ምን ሆኗል?»

«ጫካ። አንድም ቀን አላረመውም አሉ።»

ዓይናዲስ ብርድ ልብሱን ገፋ አደረገችና ተቀመጠች። አበረ ዓይኑ እያየ አረም የሚያሳድገው ከአልጋ መነሣት ቢያቅተው ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። «መንገዱ መቼ ነው የሚከፈተው?» አለች።

«ገና አልጠነከርሽም እኮ።»

«ሰውየው ብቻውን ታሞ?» አለቻት። መቅዲም ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። ጳጉሜን ላይ መኪና መሄድ ሲጀምር ራሷ እስከ ይጁቤ ሸኘቻት፤ የወባ መድኃኒትና አዲስ አጎበር በሻንጣዋ ጨምራላት ተመለሰች።

ዓይናዲስ ከይጁቤ እየወረደች ምን እንደምታገኝ ስታስብ ሄደች። መንደሩ ስትደርስ ከሩቅ የታያት ጓሮው ነው፤ ወሬው ውሸት አልነበረም። ሣሩ ቃሪያውን ውጦታል። የድንጋዩ ክብ አይታይም። ሎሚዎቹ ሥር እስከ ጉልበት የሚደርስ አረም ቆሟል። በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

አበረ ዋንዛው ሥር ተቀምጦ የማጭድ እጀታ ይጠግናል። ጤነኛ ነው። እንዲያውም ትንሽ ወፍሯል። አይቷት ተነሣ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች ዓይናዲስ። ከተጋቡ ጀምሮ አንተ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ምንም አልሆንኩም። አንቺስ ተሻለሽ?»

«ጓሮው ምን ነካው?»

አበረ ማጭዱን አስቀመጠ። ወደ ዳገቱ አየ። «ሐምሌ ላይ ኃይለኛ ጎርፍ መጣ» አለ። «ከጭንጫው አፈሩን ጠርጎ ጓሮው ውስጥ አስገባው። ዘርሽንም ይዞት እንደወረደ ጠረጠርኩ። ከዚያ በየመደቡ የማላውቀው ቅጠል ይወጣ ጀመር። የትኛው አደይ እንደሆነ አላወቅኩም። ስልኩም አይሠራ።»

«ወለተ ኢየሱስን አትጠይቃትም?»

«ጠየቅኳት። አንዱን አሳየኋት፣ ነው አለች። በነጋታው ሌላውን አሳየኋት፣ እሱም ነው አለች።» ፊቱን ወደ ጓሮው አዞረ። «ባለፈው ነቅዬዋለሁ። ሁለተኛ ከምነቅለው ሁሉም ይብቀል ብዬ ተውኩት።»

ዓይናዲስ ሻንጣዋን አስቀመጠች። ወደ ቃሪያው መደብ ሄደች። በየማለዳው ከዚያ አረም መካከል ቆሞ እጁን ሰብስቦ ሲመለስ ታያት፤ እሷ በዚያው ጊዜ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ያለ እኔ ምን ይጎድለዋል ስትል ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅለል አደረገችና ትንሽ ቆመች።

«ይሄኛውን ደግሞ» አለ አበረ ተከትሏት መጥቶ፣ «ጎላ ብሎ ስለወጣ ለብቻው ከበብኩት። ዝናብ ሲጠፋ ውኃም አጠጣሁት።» በድንጋይ በጥንቃቄ የተከበበ፣ ሥሩ የተኮተኮተ፣ እንጨት ተደግፎለት የቆመ ተክል አሳያት።

ዓይናዲስ ጎንበስ ብላ አየችው። ጭጎጎት ነው። ያውም ደህና አድርጎ የቀለበው ጭጎጎት፤ ዘሩ ገና ሲነካ ቀሚሷ ላይ ተለጠፈ። ሳቋ መጣ። ልትይዘው ሞከረች፣ አልቻለችም፤ የመደቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አበረ መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ከቀሚሷ ላይ አንዱን ዘር ነቅሎ በጣቶቹ ይዞ አየውና እሱም ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ሲስቅ ሰምታው አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ አብረው ጓሮው ገቡ። እያንዳንዱን ቅጠል ይዛ አሳየችው። «ይሄ ሣር ነው። ይሄን ታውቀዋለህ። ይሄ ያው የአንተው ጭጎጎት ነው፤ ቅጠሉ ሰፋ ይላል። ይሄ ግን፣ እየው፣ እንደ ድንብላል ሰንጠቅጠቅ ያለው፣ እሱ ነው።» አበረ ተንበርክኮ ቅጠሉን አሽቶ አሸተተ፤ ግንዱን በጣቱ ዳሰሰው። ሌላ ሲያገኝ ሳይነቅል በፊት እጁን ላዩ ላይ አድርጎ ይጠራታል፤ እሷም መጥታ ታያለች። እስከ ቀትር ድረስ ጓሮው ውስጥ ያገኙት ከሁለት እጅ ጣት አይበልጥም። ዳገቱ ላይ ወጥተው ደግሞ አዩ። ጎርፉ ያልጠረገው ድንጋይ ለድንጋይ ሥር፣ እዚህም እዚያም፣ ቁመቱ ከስንዝር የማያልፍ ነገር ቆሞ ነበር።

እንቁጣጣሽ አለፈ፤ አንዱም አላበበም። ጓሮው ውስጥ ያሉት ቅጠላቸው ሰፍቶ ግንዳቸው ረዘመና በየተራ ወደቁ። መስቀልም አለፈ። ዝናቡ ሊያቆም ሲል፣ ዓይናዲስም መጠበቋን በተወች ጊዜ፣ አበረ ከዳገቱ ወርዶ «ዓይን ገልጧል» አላት። ወጥታ አየች። ከደጋው ያነሰ ነው፤ ቢጫውም ትንሽ ገርጣ ይላል። አንዳንዱ እምቡጥ ሳይፈታ በሙቀቱ ጠቁሯል። ያበበው ግን አብቧል። ንብ እንኳ አግኝቶት ነበር።

ወለተ ኢየሱስ የልጅ ልጆቿን ይዛ ልታይ መጣች። ልጆቹ ቆርጠው ሊወስዱ ሲሉ ዓይናዲስ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ሰጠቻቸውና «ሌላው ዘር ይስጥ» ብላ ከለከለች። አመሻሹን መንደሩ ውስጥ አንድ አንድ አደይ የያዙ ልጆች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ታዩ።

ጥቅምት ሲጋመስ መቅዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቆላው ወረደች። ላቧን እየጠረገች ቤቱን ዞራ አየች፤ አጎበሩ መዘርጋቱን ፈተሸች። ከዚያ እናቷ ዳገቱ ላይ አወጣቻት። ያኔ የቀሩት አበቦች ጥቂት ናቸው፤ የሚበልጠው ወደ ዘር ዞሯል።

«ይቺ ናት?» አለች መቅዲ። «ለዚህች ነው የተመለስሽው?»

«ለዚህችማ አይደለም» አለች ዓይናዲስ።

መቅዲ እናቷን ትክ ብላ አየቻትና ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ከታች አበረ አንዲት ፍየል አርዶ ሲገፍ ይታያል፤ ለእንግዳዋ ብሎ ነው። ወርደው ምሳ ሲበሉ እናትና ልጅ ስምምነት አደረጉ፤ ከእንግዲህ ወባ ቢይዛት መንገድ በማይገኝበት በክረምት ዓይናዲስ ደብረ ማርቆስ ትከርማለች፣ ጳጉሜን ላይ ትወርዳለች።

«እሱንም ይዘሽው ነይ» አለች መቅዲ ወደ አበረ እያየች።

«ከብቱን ማን ይጠብቃል?» አለ አበረ።

«ወለተ ኢየሱስ ትጠብቃለች» አለች ዓይናዲስ። አበረ ጥቂት አሰበና «አንድ ሳምንት ከሆነ» አለ።

መቅዲ በማግስቱ ጧት ፀሐይ ሳትከር ጉዞ ጀመረች። ዓይናዲስ እስከ ዳገቱ እግር ሸኘቻት። ልጇ ደጋግማ እየዞረች እያየቻት ከመታጠፊያው ጀርባ እስክትሰወር ቆመች፤ ከዚያ ተመለሰች። ጥጡ መፈንዳት ጀምሯል፤ አበረ ቅርጫቶቹን አውጥቶ ማሳው ዳር ደርድሯቸው ነበር። አንዱን አንሥታ ወገቧ ላይ አሰረችና አበረ ከያዘው ቀጥሎ ባለው ፈር ገባች።